ከበር እስከ በር፦ ጃፓን ውስጥ ራመን ቤት ገብቶ በአግባቡ የመመገብ መመሪያ

ወደ ራመን ቤት ከመሄድ በፊት አንዲት ነገር መረዳት የቀረውን ሁሉ ያቀልላል። የራመን ኑድል ትኩስ መረቅ ውስጥ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ መረቁን እየጠጣ ይለሰልሳል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ አብሳዩ የደከመበት ምግብ ሳህኑ ውስጥ የለም። እንግዳ ሰው ጃፓን ውስጥ ራመን ቤት ሲገባ የሚያስደንቁት ልማዶች፣ ማለትም ሒሳብ ከመብላት በፊት መከፈሉ፣ ወንበሮቹ በባንኮኒ ዙሪያ መደርደራቸው፣ ተመጋቢው ድምፅ እያሰማ መብላቱና እንደጨረሰም ሳይዘገይ ተነሥቶ መሄዱ፣ በአብዛኛው ከዚህች አጭር ጊዜ የመነጩ ናቸው። ይህን የያዘ ሰው ደንቦቹን አንድ በአንድ ባያስታውስ እንኳ አብዛኞቹን በራሱ ይደርስባቸዋል።

በአዲስ አበባ ሱቆች ኢንዶሚ እያልን የለመድነው ኑድል የዚህ ምግብ የሩቅ ዘመድ ነው። ሞሞፉኩ አንዶ ኦሳካ አጠገብ በምትገኘው በኢኬዳ ከተማ፣ በቤቱ ጓሮ በነበረች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ሲሞክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፈጣን ኑድል «ቺኪን ራመን» ይባል ነበር። ራመን ቤት ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ይቀድማል። ከቻይና የመጣው የስንዴ ኑድል በጃፓን ተራ ሕዝብ ዘንድ እንዲታወቅ ካደረጉት ቤቶች ዋናው፣ እ.ኤ.አ. በ1910 በቶኪዮ አሳኩሳ ሰፈር የተከፈተውና ከዮኮሃማ የቻይናውያን ሰፈር የመጡ አብሳዮችን ያሠራ የነበረው ራይራይከን ነው። ኢንዶሚን ቀምሶ ራመንን አውቄዋለሁ የሚል ሰው ገና አላወቀውም፤ ለዚህም ነው ቶኪዮ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም በካትሱሺካ ክፍለ ከተማ ዮትሱጊ አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቹን ለመጠየቅ የሚመጣ ሁሉ አንድ ቀን ራመን ቤት እንዲገባ አጥብቄ የምመክረው።

አንደኛ፦ ሳህኑ ውስጥ ያለውን አስቀድሞ ማወቅ

ለእኛ አንባቢዎች ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ደረጃ ስለሆነ ሳይቸኩሉ ያንብቡት። አንድ ሳህን ራመን አምስት ነገሮች አሉት፤ እነርሱም «ታሬ» የሚባለው ጨዋማ መቀመሚያ፣ መረቁ፣ ኑድሉ፣ ከላይ የሚፈስሰው መዓዛ ያለው ዘይት ወይም ስብ፣ በመጨረሻም ከላይ የሚደረደሩት ነገሮች ናቸው። አብሳዩ በመጀመሪያ ታሬውን ባዶ ሳህን ውስጥ ያደርጋል፤ የፈላ መረቅ ይጨምርበታል፤ ኑድሉን ከውኃው አውጥቶ በኃይል አራግፎ ይከትበታል፤ ከዚያም ሥጋውንና አትክልቱን ይደረድርበታል። ኑድሉ ከስንዴ ዱቄት፣ ከውኃ፣ ከጨውና «ካንሱይ» ከሚባል ሶዳ መሰል ማዕድን ይሠራል፤ ቢጫ ቀለሙም፣ ሲነከስ የሚመለሰው ጥንካሬውም የሚመጡት ከዚህ ማዕድን ነው። በአንዳንድ ቤት እንቁላል ይጨመርበታል።

ችግሩ አሳማ ከአምስቱ ነገሮች በአራቱ ውስጥ ሊኖር መቻሉ ነው። ከላይ የሚቀመጠው «ቻሹ» የተባለ ቁራጭ ሥጋ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ነው፤ ይህን ማንም አይቶ ያውቀዋል። የማይታየው ግን ከዚያ ይበልጣል። «ቶንኮትሱ» የሚባለው ነጭ መረቅ የአሳማ አጥንት በኃይል እየተንተከተከ ለብዙ ሰዓታት ተቀቅሎ፣ ስቡና መቅኔው ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ወተት የመሰለ ነው። ጠራ ብሎ የሚታይና «የዶሮ» የሚባል መረቅም ቢሆን ብዙ ጊዜ የአሳማ አጥንት ይገባበታል፤ ቻሹው የተቀቀለበት ሶያ ሶስ ደግሞ ታሬ ይሆናል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ስብም የአሳማ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ቤት ገብቼ ሥጋ እንዳያደርጉልኝ ስጠይቅ አስተናጋጁ በትሕትና እሺ ብሎ ቻሹውን አስቀርቶ አመጣልኝ። መረቁ ከአሳማ አጥንት የተሠራ መሆኑን ያወቅሁት ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ነበር። አስተናጋጁ አላታለለኝም፤ የጠየቅሁት ስለ ሥጋ ስለነበረ የመለሰልኝም ስለ ሥጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መረቁን ለይቶ የሚጠቅስ ይሁን፦ «ሱፑ ኒ ቡታ ዋ ሃይቴ ኢማስ ካ?» ይበሉ፤ «መረቁ ውስጥ አሳማ አለበት ወይ?» ማለት ነው። «ሃይ» ካሉ አለበት፤ «ሃይቴ ኢማሴን» ካሉ የለበትም። ቀጥለው ስለ ታሬውና ስለ ስቡ ይጠይቁ። ጥያቄውን አስቀድሞ በጃፓንኛ ስልክ ላይ ጽፎ ይዞ መሄድና ማሳየት ከሁሉ ይሻላል፤ የሥራ ሰዓት ላይ ያለ አብሳይ የሚነበብ ነገር ሲያገኝ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል።

ለሙስሊም ወገኖቻችን ሌላም የሚጤን ነገር አለ። ዶሮው ሐላል መታረዱ አንድ ጥያቄ ነው፤ በታሬው ውስጥ «ሚሪን» የሚባል ጣፋጭ የሩዝ አልኮል ወይም ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ መግባቱ ሌላ ነው። ስለዚህ ተራ ቤት ገብቶ ከመጠየቅ የሐላል ምስክር ወረቀት በበሩ የሰቀለ ቤት መፈለግ ይሻላል፤ በአሳኩሳ ሰፈር እንደ ናሪታያ ያሉ ለሙስሊም እንግዶች ተብለው የተከፈቱ ራመን ቤቶች አሉ። ለጾመኛውም ጉዳዩ ከሥጋ ያልፋል፤ አትክልት ብቻ የሚታይበት ራመን እንኳ መረቁ ከዶሮ ወይም ከአሳማ አጥንት፣ ወይም ከደረቀ ዓሣ የተቀቀለ ሊሆን ስለሚችል፣ በጾም ወራትና በረቡዕና በዓርብ ቀን ተራ ራመን ቤት ገብቶ የጾም ምግብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በቶኪዮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የሚገኘው ቲዝ ታንታን ግን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ራመን ብቻ ያቀርባል። ዋናው ምግቡ ታንታንመን ሲሆን፣ የሰሊጥና የቃሪያ ዘይት መረቅ ነው፤ በበርበሬ ያደገ አፍ ከሁሉም የራመን ዓይነት ቶሎ የሚወድደው ይህን ይመስለኛል። የቤቶች አሠራርና አድራሻ ስለሚለዋወጥ ከመሄድዎ በፊት በዚያው ሳምንት ያረጋግጡ።

ሁለተኛ፦ የሚበሉትን ዓይነት መምረጥ

ከላይ የተጠቀሰውን ጥንቃቄ እንደ እምነትዎ ከወሰኑ በኋላ የቀረው የጣዕም ምርጫ ነው። ራመን በተለምዶ በአራት ይከፈላል፦ በጨው የተቀመመው ሺዮ፣ በሶያ ሶስ የተቀመመው ሾዩ፣ ከተብላላ አኩሪ አተር በሚሠራው ሚሶ የተቀመመው፣ እንዲሁም ከላይ ያየነው ቶንኮትሱ። በዚህ አከፋፈል ላይ አንድ መዛነፍ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የታሬ ስም ሲሆኑ አራተኛው የመረቅ ስም ነው። ስለዚህ «ሺዮ» የሚል ቁልፍ ተጭኖ ከአሳማ ነጻ የሆነ ምግብ አዝዣለሁ ብሎ መተማመን አይገባም።

ከዓይነቶቹ ይልቅ አገሮቹን ማወቅ ይበልጥ ይረዳል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ራመን የተወለደበትን ቦታ አየርና ሥራ ይመስላል። በሰሜን፣ በረዶ በሚከምርባት በሳፖሮ የሚሶ ራመን ይበላል፤ ኑድሉ ወፍራም፣ ጥምዝና ቢጫ ነው፤ መረቁ ላይ የተንሳፈፈው የስብ ሽፋን ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ምግቡ እስከ መጨረሻው ይፋጃል፤ በቆሎና ቅቤ የሚጨመርበትም አለ። በደቡብ በፉኩኦካ ከተማ የናጋሃማ ዓሣ ገበያ ሠራተኞች ቆመው የሚጠብቁበት ጊዜ ስላልነበራቸው፣ በጣም ቀጭን ሆኖ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚበስል ኑድል ተለመደ፤ ቀጭን ኑድል ግን ቶሎ ስለሚለሰልስ በትንሽ በትንሹ እየቀረበ ሲያልቅ እንዲጨመር ተደረገ፤ ይህ ጭማሪ ዛሬ በመላው ጃፓን «ካኤዳማ» ይባላል። በፉኩሺማ አውራጃ የምትገኘው የኪታካታ ሰዎች ደግሞ ጠፍጣፋና ሞገደኛ ኑድላቸውን በቀላል የሾዩ መረቅ ጠዋት በቁርስ ሰዓት ይበላሉ። በዮኮሃማ እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው ዮሺሙራያ የአሳማ አጥንትንና ሶያ ሶስን አዋሕዶ የጀመረው አሠራር «ኢኤኬ» ተብሎ ብዙ ቤቶች ይከተሉታል።

ሙቀት የሚያስቸግረው ሰው ወይም በበጋ የመጣ እንግዳ «ትሱኬመን» ቢያዝዝ ይደሰታል። ኑድሉ ተቀቅሎ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ ወፈር ያለው ትኩስ መረቅ በሌላ ሳህን ይቀርባል፤ ተመጋቢው ኑድሉን እያጠቀሰ ይበላል። እንጀራችንን ወጥ እያጠቀስን ለኖርን ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም። ይህን ምግብ እ.ኤ.አ. በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ በምግብ ዝርዝር ላይ ያሰፈሩት፣ በኋላም በሂጋሺ ኢኬቡኩሮ በከፈቱት ታይሾከን በተባለው ቤታቸው ያስፋፉት ካዙኦ ያማጊሺ ናቸው።

ሁሉንም መቅመስ ለሚፈልግ የሺን-ዮኮሃማ ራመን ሙዚየምን እጠቁማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተው ይህ ቦታ ውስጡ የ1958ን የጃፓን መንደር አስመስሎ የተሠራ ሲሆን፣ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ ቤቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ያበስሉበታል፤ በትንንሽ ሳህን ማዘዝም ስለሚቻል አንድ ሰው ሁለት ሦስት ዓይነት ቀምሶ ይወጣል።

ሦስተኛ፦ ሰዓትና ሰልፍ

ብዙ ቤቶች ከረፋዱ አምስት ሰዓት አካባቢ ከፍተው እስከ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ይሠራሉ፤ ከዚያ ዘግተው ማታ እንደገና ይከፍታሉ። በበሩ ላይ «ኖሬን» የሚባለው አጭር መጋረጃ ከተሰቀለ ቤቱ ክፍት ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ዝግ ነው። የቀኑ መረቅ ካለቀ ከሰዓቱ በፊትም ይዘጋሉ። የምሳ ሰዓት ግፊያን ለመሸሽ በመክፈቻው ሰዓት ወይም ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ ይሂዱ።

ሰልፍ ካለ ከመጨረሻው ሰው ጀርባ ይቁሙ። ለኋላ ለሚመጣ ጓደኛ ቦታ መያዝ በዚያ አገር የተጠላ ነው፤ አብረው የሚበሉ ሰዎች አብረው ይሰለፋሉ። በአንዳንድ ቤት መጀመሪያ ገብቶ ቲኬት ቆርጦ ከዚያ መሰለፍ፣ በሌላው ደግሞ ተሰልፎ ተራ ሲደርስ መቁረጥ ስለሆነ ከፊት ያለውን ሰው አድራጎት ማየት በቂ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ስምንት ወይም አሥር ወንበር ብቻ ያላቸው በመሆኑ ከሦስት ሰው በላይ ሆኖ መሄድ አብሮ ለመቀመጥ አያመችም። ብቻውን የሚበላ ሰው በእኛ ዘንድ ያሳዝናል፤ ራመን ቤት ግን ብቻን ለመብላት የተሠራ ቦታ ነው፤ ማንም አያዝንልዎትም፣ ማንም አያይዎትም።

አራተኛ፦ የቲኬቱ ማሽን

በሩን ከፍተው ሲገቡ «ኢራሻይማሴ!» የሚል ከፍ ያለ ድምፅ ይሰማሉ፤ «እንኳን ደህና መጡ» ነው፤ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል እንጂ መልስ አይጠበቅም። ከበሩ አጠገብ ብዙ ቁልፎች ያሉት ማሽን ከቆመ ሒሳቡ የሚከፈለው እዚያ ነው። ማሽኑ ለባለቤቱ አንድ ሠራተኛ ይቆጥብለታል፤ ገንዘብ የነካ እጅም ምግብ አይነካም፤ ከሁሉ በላይ ግን ተመጋቢው በልቶ እንደጨረሰ ሒሳብ ሳይጠብቅ እንዲነሣ ያደርጋል።

በአሮጌዎቹ ማሽኖች መጀመሪያ ገንዘብ ይገባል፤ ከዚያ ገንዘቡ የሚበቃባቸው ቁልፎች ይበራሉ፤ የፈለጉትን ሲጫኑ ትንሽ ቲኬት ከታች ይወድቃል። ተጨማሪ እንቁላል ወይም ሩዝ ከፈለጉ ሳይቆዩ ያንን ቁልፍ ይጫኑ፤ ከጨረሱ በኋላ የመልሱን ቁልፍ ወይም እጀታ ተጭነው ሳንቲምዎን ይውሰዱ። በአዲሶቹ የስክሪን ማሽኖች ደግሞ መጀመሪያ ምግቡ ተመርጦ በመጨረሻ ይከፈላል፤ ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ይነበባሉ፤ ካርድም ይቀበላሉ። ጽሑፉን ማንበብ ካልቻሉና ከጀርባዎ ሰው ከቆመ በላይኛው ረድፍ በግራ ጥግ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ በልማድ የቤቱ ዋና ምግብ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ይህ ምክር የሚሠራው ግን የመጀመሪያውን ደረጃ ጥያቄ አስቀድሞ ለጨረሰ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙ ማሽኖች አንድ ሺህ የን እንጂ አምስት ሺህና አሥር ሺህ የን አይቀበሉም። በተጨማሪም ጃፓን በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. አዳዲስ የወረቀት ገንዘቦች ካወጣች ወዲህ አሮጌ ማሽን ያላቸው ትንንሽ ቤቶች አዲሱን ወረቀት ለመቀበል ተቸግረዋል። ስለዚህ የአንድ መቶና የአምስት መቶ የን ሳንቲሞች በኪስዎ ይኑሩ። አንድ ሳህን ራመን በቶኪዮ ከስምንት መቶ እስከ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የን አካባቢ ያወጣል።

አምስተኛ፦ መቀመጥና ምርጫን መናገር

ስንት እንደሆኑ በጣት ያሳዩ፤ የሚጠቆምዎት ወንበር ላይ ይቀመጡ። ቦርሳዎን ከወንበሩ ሥር ባለው ቅርጫት ወይም ከባንኮኒው በታች ባለው ማንጠልጠያ ያኑሩ፤ ባንኮኒው ላይ ቦርሳ አይቀመጥም። ቲኬቱን ከፍ ባለው የባንኮኒ ጠርዝ ላይ ያድርጉት፤ አብሳዩ ይወስደዋል። ውኃ ነጻ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ከፊት ካለ ራስዎ ይቅዱ፤ ለጎረቤትዎ መቅዳት አይጠበቅብዎትም።

በዚህ ጊዜ አብሳዩ አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል። በፉኩኦካ ዓይነት ቤት የሚጠየቀው የኑድሉ ጥንካሬ ነው፤ «ካታ» ጠንከር ያለ፣ «ፉትሱ» መካከለኛ፣ «ያዋ» ለስላሳ ነው፤ «ባሪካታ» የሚባለው እጅግ ጠንካራው ለለመደ ሰው ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ «ፉትሱ» ማለት ይሻላል። አብሳዩ ምግቡን እንዴት እንዳሰበው ሳያውቁ መለወጥ አይጠቅምም። በኢኤኬ ቤቶች ከጥንካሬው በተጨማሪ የጨዉ ብርታትና የስቡ መጠን ይጠየቃል፤ ለሦስቱም «ፉትሱ» አንድ መልስ ይሆናል። ከኬዮ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በሚታ በሚገኘው ቤት የታወቀውን የጂሮ አሠራር የሚከተሉ ቤቶች ደግሞ ሳህኑ ሊደርስ ሲል ነጭ ሽንኩርት ይጨመር እንደሆነ ይጠይቃሉ። በእነዚህ ቤቶች ምግቡ እንደ ክምር ከፍ ብሎ የሚመጣና በሆድ ሙሉ የማይገፋ ስለሆነ አነስተኛውን መጠን ይዘዙ፤ አትርፎ መሄድ አብሳዩን ያስከፋል።

እንደ ደንቡ እያንዳንዱ የተቀመጠ ሰው የየራሱን ሳህን ያዝዛል። ሁለት ሰው ለአንድ ሳህን ተቀምጦ መካፈል፣ በገበታ ዙሪያ ላደግን ሰዎች የፍቅር ምልክት ቢሆንም፣ በዚያ ግን የአንድን ተመጋቢ ወንበር እንደመውሰድ ይቆጠራል። ለልጅ ትንሽ ሳህን ከፈለጉ «ቶሪዛራ» ብለው ይጠይቁ፤ ይሰጡዎታል።

ስድስተኛ፦ መብላት

ሳህኑ ከፊትዎ ሲደርስ ስልክዎን ያስቀምጡ። ፎቶ ማንሣት ካስፈለገ አንድ ጊዜ ፈጥነው ያንሡ፤ የሚከለክል ጽሑፍ ወይም ሥዕል ግድግዳው ላይ ካለ ግን ይተዉት። «ኢታዳኪማስ» ብለው ይጀምሩ፤ ምግብን ሲቀበሉ የሚባል የምስጋና ቃል ነው።

አንድ ላይ የተጣበቀውን ቾፕስቲክ፣ ማለትም ሁለቱን ቀጫጭን የመመገቢያ እንጨቶች፣ አግድም ይዘው፣ ከጭንዎ በላይ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይክፈቱት። እንጨቶቹን እርስ በርስ መፋተግ ቤቱ መናኛ ዕቃ አቀረበ እንደማለት ስለሚታይ አያድርጉት። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ አቁሞ መሰካት ለሙት በሚቀርብ ሩዝ ላይ የሚደረግ ነው፤ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ ማቀበልም ከአስከሬን ማቃጠል በኋላ ቤተሰብ የሟቹን አጥንት የሚለቅምበትን ሥርዓት ያስታውሳል። ስለዚህ ለጓደኛዎ በቾፕስቲክ ጉርሻ ማጉረስ ቢያምርዎት እንኳ ለቤትዎ ያቆዩት።

በግራ እጅዎ «ሬንጌ» የተባለውን ጎድጓዳ ማንኪያ ይያዙና በመጀመሪያ መረቁን ብቻ ፉት ይበሉ። ቁንዶ በርበሬም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ኮምጣጤም ከዚህ በፊት አይጨመሩ። አብሳዩ ሌሊት ተነሥቶ ያስተካከለው ጣዕም ይህ ነው፤ ሳይቀምሱ መቀመም እናት የሠራችውን ወጥ ሳይቀምሱ ጨው እንደመነስነስ ነው።

ከዚያ ወደ ኑድሉ ይለፉ። አምስት ስድስት ክር ብቻ ይያዙ፤ ብዙ መያዝ የጀማሪ ስሕተት ነው። ከመረቁ ከፍ አድርገው ትንሽ እንዲንጠባጠብ ይተዉት፤ ራስዎን ወደ ሳህኑ ዝቅ ያድርጉ፤ የክሮቹን ጫፍ በከንፈርዎ ይያዙና አየር ከኑድሉ ጋር እየሳቡ ያስገቡ። ድምፁ የሚመጣው ከዚህ ነው። በእኛ ዘንድ አፍን ገጥሞ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መብላት የጨዋ ልጅ ምልክት ስለሆነ፣ ይህ ለብዙዎቻችን ከሁሉም ደረጃ የሚከብደው ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አብሮ የሚገባው አየር የሚፋጀውን ኑድል አፍ ከመድረሱ በፊት ያበርደዋል፤ መዓዛውንም ከአፍ ወደ አፍንጫ ይልከዋል። ድምፅ ሳያሰማ የሚበላ ሰው ወይ ይቃጠላል፣ ወይ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ኑድሉ ይለሰልሳል። የክሩ ጭራ ሲገረፍ መረቅ ልብስ ላይ ስለሚረጭ መጨረሻውን በቾፕስቲኩ እየደገፉ ያስገቡ፤ ነጭ ሸሚዝ ከለበሱ የወረቀት ሽርጥ ይጠይቁ። ድምፁ ጨርሶ የማይሆንልዎ ከሆነ ግን ጥቂት ኑድል በሬንጌው ላይ አድርገው በዝምታ ይብሉ፤ ማንም ቅር አይለውም። የሚነወረው የኑድል ድምፅ ሳይሆን ሰው ፊት አፍንጫን በኃይል መናፈጥ ነው፤ ትኩሱ መረቅ አፍንጫ ስለሚያፈስስ በባንኮኒው ላይ ባለው ለስላሳ ወረቀት ቀስ ብለው ይጥረጉ።

ከላይ ያሉትን ነገሮች በኑድሉ መካከል እያፈራረቁ ይብሏቸው። «ሜንማ» የተብላላ የቀርከሃ ቡቃያ ነው፤ «ኖሪ» የደረቀ የባሕር ሣር ስለሆነ መረቅ ነክሮ ኑድል ወይም ሩዝ መጠቅለል ይቻላል፤ በሶያ ሶስ የተዘፈዘፈው እንቁላል አስኳሉ ያልጠነከረ ስለሆነ ወደ መሐል ላይ ይብሉት። ግማሽ ያህል ሲቀር ቅመሞቹ ይመጣሉ፤ ለሚሶ ቃሪያ፣ ለቶንኮትሱ ቀይ ዝንጅብልና ሰሊጥ፣ ለሾዩ ቁንዶ በርበሬ ይስማማል። መረቁ ከከበደዎ ጥቂት ጠብታ ኮምጣጤ ያቀልልዎታል፤ እኔ ይህን ሁልጊዜ አደርገዋለሁ።

ወሬ በዚህ ሰዓት አይበረታታም። ከጓደኛ ጋር ጨዋታ የሚፈልግ ሰው ከራመኑ በኋላ ቡና ቤት ይግባ፤ ራመን እየበላ የሚያወራ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ሰባተኛ፦ ጭማሪውና መረቁ

በፉኩኦካ ዓይነት ቤት ካኤዳማ የሚታዘዘው ኑድሉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ጥቂት አፍ ሲቀር ነው፤ አዲሱ ሲደርስ አሮጌው ያልቃል። «ካኤዳማ ኦኔጋይሺማስ» ብለው ይጥሩ ወይም ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ ያድርጉ። ጭማሪው የሚገባው በቀረው መረቅ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ በፊት መረቁን ጠጥተው አይጨርሱ፤ ጣዕሙ ከቀጠነ ባንኮኒው ላይ ካለው ታሬ ጥቂት ይጨምሩ። ትሱኬመን የበላ ሰው ደግሞ በመጨረሻ «ሱፑ ዋሪ» ብሎ ቢጠይቅ የቀረውን ወፍራም መረቅ በትኩስ መረቅ ያቀጥኑለታል፤ ያንን ሳይጠጡ መነሣት ምግቡን በግማሽ መተው ነው።

መረቁን እስከ ታች መጠጣት ምስጋና ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል። አብሳዩን እንደሚያስደስተው እውነት ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። በአንድ ሳህን ራመን ውስጥ አምስት ስድስት ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ጨው ይኖራል፤ አብዛኛው መረቁ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከአምስት ግራም በታች ስለሚመክር የደም ግፊት ያለበት ሰው መረቁን ትቶ ኑድሉን ብቻ ቢበላ ማንም እንደ ነውር አያይበትም።

ስምንተኛ፦ መውጣት

ሳህንዎንና ብርጭቆዎን ከፍ ባለው የባንኮኒ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡ። ከፊትዎ የተጣጠፈ ጨርቅ ካለ የበሉበትን ቦታ ይጥረጉ፤ ቀጥሎ ለሚቀመጠው ሰው የሚደረግ ነው። ጉርሻ አይሰጥም፤ ገንዘብ ትተው ቢወጡ አብሳዩ የረሱት መስሎት ተከትሎዎት ይሮጣል። ለአብሳዩ የሚሰጠው «ጎቺሶሳማ ዴሺታ» የሚለው ቃል ነው፤ ለበሉት ምግብ ማመስገኛ ነው፤ ወደ እርሱ ዞረው እንዲሰማ አድርገው ይበሉት። ብዙዎቹ በሮች በእጅ የሚንሸራተቱ ስለሆኑ ሲወጡ ከኋላዎ ይዝጉት፤ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ሲጠራ ራሱ ይከፍተዋል።